ከማማው ሥር ያለው ጽሑፍ፦ የደቡብ ሕንድን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ስለ ማንበብ

(በፋኩልቲው ዓመታዊ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ። የታሚል ስሞችን አጠራርም ልሳሳት እችላለሁ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ በመካከላችን ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ እንደምታስታውሱት፣ በእኛ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ የሚማረው ብዙውን ጊዜ ከሕንዳዊ መምህር ነበር። አብዛኞቹም ኬራላ ከምትባል አንዲት ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። የእኔም የሒሳብ መምህር ከዚያው ነበሩ። አንድ ቀን ከትምህርቱ ልናዘናጋቸው ብለን የሂንዱ ቤተ መቅደስ ምን እንደሚመስል ጠየቅናቸው። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «አጥሩን አውቀዋለሁ፤ ውስጡን ግን አላውቀውም» አሉን። ክርስቲያን ነበሩ። ያደጉት ቫይኮም ከተባለች ከተማ አጠገብ ነው። አያታቸው በወጣትነታቸው በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ባለው መንገድ እንደ ልባቸው ይመላለሱ እንደነበር፣ ጎረቤታቸው ግን ሂንዱ ሆኖ ሳለ በዚያ መንገድ እንዲያልፍ እንደማይፈቀድለት ነገሩን። ነገሩ አልገባንም። የሃይማኖቱ ባለቤት ተከልክሎ የሌላ እምነት ተከታይ እንዴት ያልፋል? ሊያስረዱን ሲጀምሩ ደወሉ ተደወለ፤ እኛም ለምሳ ወጣን። ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት አልፈው ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ደቡብ ሕንድ ሄድሁ። የጥናቴ ርእስ የመካከለኛው ዘመን የመሬት ስሪት ነበርና ቤተ መቅደሶችን የማየው በእረፍት ቀን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ነበር። ከቤተ መቅደስ ጋር ሥራ አለኝ ብዬ አላሰብሁም። ስሕተቴ ከዚህ ይጀምራል።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ማማላፑራም ነው። ከቼናይ በስተደቡብ በባሕሩ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ በ7ኛውና በ8ኛው ምዕተ ዓመት የፓላቫ ነገሥታት ዓለቱን ያስፈለፈሉባት ስፍራ ናት። ራታ የሚባሉ፣ ማለትም በሠረገላ የተሰየሙ አምስት ቤተ መቅደሶች አሉባት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠሩ አይደሉም፤ ከቆመ ዓለት ተቀርጸው የወጡ ናቸው። ላሊበላን ያየ ኢትዮጵያዊ እዚያ ሲቆም ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። የአንዳንዶቹ የላይኛው ክፍል በጥንቃቄ ተጠናቅቆ የታችኛው ክፍል ገና ጥርብ ሳይሆን ቀርቷል። ይህም ጠራቢዎቹ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይወርዱ እንደነበር በግልጽ ያሳያል። እንደማውቀው፣ ከእናንተ መካከል ቢያንስ አንዱ በጥያቄ ሰዓት «እንግዲያው ላሊበላን የሠሩት ሕንዶች ናቸውን?» ብሎ ይጠይቀኛል። በየንግግሩ የሚነሣ ጥያቄ ስለሆነ አሁኑኑ ልመልሰው። ማማላፑራም ላይ የተቀረጸው ከመሬት በላይ የቆመ ዓለት ነው፤ ላሊበላ ላይ ግን በመጀመሪያ ዙሪያው ወደ ታች ተቆፍሮ ዓለቱ ከመሬት ይለያል። በመካከላቸውም የብዙ መቶ ዓመታት ርቀት አለ። ዓለት ፊት የቆመ ጠራቢ ከላይ መጀመሩ ከየትም መማር የሚያስፈልገው ብልሃት አይደለም፤ ከሥር ቢጀምር የላይኛው ይናድበታልና። መመሳሰልን ባየን ቁጥር አስተማሪና ተማሪ መፈለግ የታሪክ ጥናት ልማድ ሊሆን አይገባም።

ከዚያ በባቡር ወደ ታንጃቩር ወረድሁ። ካቬሪ ወንዝ ከባሕር ሳይደርስ በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ሰፊ የሩዝ አገር ያጠጣል፤ ታንጃቩር በዚያ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። የቾላው ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ከ985 እስከ 1014 ሲነግሥ መናገሻው ነበረች። ለሺቫ ያሠራው ብሪሃዲስቫራ የተባለው ቤተ መቅደስ በ1010 ተጠናቀቀ። ማማው ከ60 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የተሠራው ከግራናይት ነው። ግራናይት እንዴት ያለ አስቸጋሪ ድንጋይ እንደሆነ የምታውቁ የምህንድስና ተማሪዎች ካላችሁ ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩልኝ።

በበሩ ጫማዬን አወለቅሁ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የድንጋዩ ግለት ግን እንግዳ ነበር። በእኩለ ቀን ባዶ እግሬን በዚያ ሰፊ ግቢ ስሻገር ከመራመድ ይልቅ መዝለል ነበረብኝ። አስጎብኚው የማማው ጥላ በቀትር መሬት አይነካም አለኝ። ጥላውን ቆሜበት ነበር የሚነግረኝ፤ ግለቱን የሸሸሁት ወደዚያው ነበርና። በጫፉ ላይ ያለው ክብ ድንጋይ አንድ ወጥ እንደሆነና ብዙ ኪሎ ሜትር በሚረዝም የአፈር ዳገት ተጎትቶ እንደወጣም ነገረኝ። ሕንፃውን የለኩ ተመራማሪዎች ከበርካታ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑን አሳይተዋል፤ ነገር ግን ለአስጎብኚው ይህን ማን ይንገረው? እኔም ቀኑን ሙሉ አንገቴን ወደ ላይ አቅንቼ ስመለከት፣ ፎቶግራፍ ሳነሣ ዋልሁ።

ስመለስ በዩኒቨርሲቲው አንድ ሽማግሌ የታሪክ መምህር የት እንደነበርሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «ምን አነበብህ?» አሉኝ። ያነበብሁት ነገር የለም፣ አየሁ እንጂ አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «የመሬት ስሪት የሚያጠና ሰው ታንጃቩር ደርሶ ወደ ላይ ብቻ አይቶ ይመለሳል?» አሉኝ። ከዚያም ከመደርደሪያቸው አንድ አሮጌ ጥራዝ አውጥተው ሰጡኝ።

ጥራዙ የደቡብ ሕንድ የድንጋይ ጽሑፎች ስብስብ ሁለተኛ ቅጽ ነበር። በ1886 የማድራስ መንግሥት የድንጋይ ጽሑፍ አጥኚ ሆኖ የተሾመው ጀርመናዊው ኦይገን ሁልች የታንጃቩርን ጽሑፎች ገልብጦና ተርጕሞ ያሳተመበት ነው። ከእርሱ በፊት ቤተ መቅደሱን ማን እንዳሠራው በአገሩ የሚነገረው አፈ ታሪክ የተለያየ ነበር፤ አንዱ ለአንድ ጥንታዊ ንጉሥ፣ ሌላው ለሌላ ይሰጠው ነበር። መልሱ ግን ለ870 ዓመታት ያህል ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ፣ በራሱ በሕንፃው እግር ላይ ተጽፎ ነበር። በስክሪኑ ላይ የምታዩት ይህ ነው። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚሄደው እንደ ሐረግ ጌጥ የሚመስላችሁ ነገር የታሚል ፊደል ነው።

ወደ ታንጃቩር ተመለስሁ። በዚህ ጊዜ አጎንብሼ ነበር የዞርሁት።

ጽሑፉ የሚጀምረው በንጉሡ ትእዛዝ ነው። በነገሠ በ26ኛው ዓመት ራጃራጃ እርሱ የሰጠውን፣ ታላቅ እኅቱ ኩንዳቫይ የሰጠችውን፣ ሚስቶቹ የሰጡትን፣ ሌሎችም የሰጡትን ሁሉ በድንጋዩ ላይ እንዲቀርጹ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ወይም ውዳሴ አይደለም፤ የሒሳብ መዝገብ ነው። በ25ኛው ዓመተ መንግሥት በ275ኛው ቀን ለማማው ጫፍ የተሰጠው የመዳብ ጉልላት ክብደቱ ስንት እንደሆነ፣ የተለበጠበት ወርቅ ስንት እንደሚመዝን ተመዝግቧል። ጌጣጌጡ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ዕንቍው ክብ ነው፣ ድቡልቡል ነው፣ ትንሽ ነው፣ ጉድለት አለበት እየተባለ በዓይነት ተለይቷል። ሲመዘንም ክሩ ተቀንሶ ነው። ልብ በሉ፤ ንጉሠ ነገሥት ለአምላኩ የሰጠውን ሐብል ክሩን ቀንሶ የሚመዝን ጸሐፊ ነበር።

የመብራቱን ነገር ጠለቅ ብዬ ልንገራችሁ፤ ቤተ መቅደሱ እንዴት ይኖር እንደነበር ከምንም በላይ የሚያሳይ ነውና። አንድ ሰው ለዘወትር የሚበራ መብራት ሲሳል ቅቤ አምጥቶ አይሰጥም። 96 ሴት በጎች፣ ወይም 48 ላሞች፣ ወይም 16 ሴት ለማዳ ጎሾች ለቤተ መቅደሱ ይሰጣል። እንስሳቱ ግን ግቢ ውስጥ አይታሰሩም። ስሙና መንደሩ በድንጋዩ ላይ ለተጻፈ እረኛ ይሰጡና፣ እርሱ በየቀኑ ኡላኩ በተባለ መስፈሪያ አንድ ልክ የነጠረ ቅቤ ያስገባል። የዘመኑ የታሚል ጽሑፎች እንዲህ ያሉትን በጎች የማይሞቱና የማያረጁ ይሏቸዋል። ተአምር ስላላቸው አይደለም፤ ሂሳቡ የሚያውቀው ቁጥራቸውን ብቻ ስለሆነ ነው። በግ ቢሞት ባይሞት፣ ድርቅ ቢመጣ ባይመጣ፣ በድንጋዩ ላይ 96 ነው፤ ቅቤውም በየቀኑ ይሰፈራል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራውን ያን መብራት ያየ ምእመን የአምላክን ብርሃን ያያል። የመሬት ስሪት አጥኚ ደግሞ ከብርሃኑ ጀርባ በዝናብ የቆመ አንድ እረኛ ማየት አለበት።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። ለቤተ መቅደሱ የተሰጠው ገንዘብ ለመንደር ጉባኤዎች ይበደራል፤ ወለዱ በዓመት ከስምንት አንድ፣ ማለትም 12.5 በመቶ ነው። ይህ ሁሉ የካቬሪን ሜዳ ከአንድ ሕንፃ ጋር የሚያስተሳስር ድር ነበር። ግዛቱ ከዚህም ይሰፋል፤ ገቢ ከሚያስገቡት መንደሮች መካከል ራጃራጃ በወረራ የያዛቸው የሲሎን መንደሮች ይገኙበታል። የዚህ ድር ትርጕም በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ኒላካንታ ሳስትሪ በ1930ዎቹ በጻፏቸው መጻሕፍት ቾላን በጠንካራ ማእከላዊ ቢሮክራሲ የሚመራ መንግሥት አድርገው አቀረቡት። በ1980 በርተን ስታይን ይህን ገልብጦ፣ ንጉሡ ከዋና ከተማው ሜዳ ውጭ የነበረው ሥልጣን ይበልጡን የሥርዓተ አምልኮ እንደነበር ተከራከረ። ኖቦሩ ካራሺማ ደግሞ ጽሑፎቹን በብዛት እየቆጠረ ሁለቱንም ፈተነ። ለእናንተ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምለው፣ ሦስቱም የተከራከሩት በዚሁ ዓይነት ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ባይነበብ ክርክሩም ባልኖረ።

በሌላ ስፍራ ደግሞ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ፤ የሴቶች ስም። ራጃራጃ ከግዛቱ ልዩ ልዩ ቤተ መቅደሶች 400 ሴቶችን አስመጥቶ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ በተሠሩ መንገዶች አሰፈራቸው። ድንጋዩ እያንዳንዷን ይጠራታል። በየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ረድፍ፣ ስንተኛው ቤት እንደምትኖር፣ ስሟ ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ቤተ መቅደስ እንደመጣች ይናገራል። ለእያንዳንዷ በዓመት 100 ካላም ያልተፈተገ ሩዝ ይሰፈርላታል። ከእነርሱ ቀጥሎ የዳንስ መምህራኑ፣ ዘማሪዎቹ፣ ከበሮ መቺዎቹ፣ ጥላ ያዦቹ፣ መብራት አብሪዎቹ፣ አጣቢዎቹ፣ ፀጉር አስተካካዮቹ፣ ልብስ ሰፊዎቹ፣ የሒሳብ ሹሞቹ ይዘረዘራሉ። አንዱ ቢሞት ወይም አገር ለቆ ቢሄድ የቅርብ ዘመዱ እንዲተካ፣ ዘመዱ ለሥራው ብቁ ካልሆነ ግን ብቁ የሆነ ሌላ ሰው እንዲመርጥ ተደንግጓል። የሰው ሀብት አስተዳደር የምታስተምሩ ባልደረቦቼ ይህችን አንቀጽ ብትዋሷት አይከፋኝም።

ስለ እነዚህ ሴቶች አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኋለኞቹ ዘመናት ለቤተ መቅደስ የተሰጡ ሴቶች ሕይወት ብዙ ጉዳት የነበረበት በመሆኑ በ1947 የማድራስ መንግሥት ሥርዓቱን በሕግ ከልክሏል። ይህን ኋለኛ ታሪክ ወደ 1010 መልሰን ማንበብ ግን አይገባንም። ሌስሊ ኦር የቾላን ዘመን ጽሑፎች መርምራ ባሳየችው መሠረት የዘመኑ የቤተ መቅደስ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚታዩት ራሳቸው ስጦታ ሰጪዎች ሆነው ነው። የታንጃቩሮቹ 400 ደስተኞች ነበሩ ወይስ አዝነው ከአገራቸው የተነቀሉ? ድንጋዩ ይህን አይናገርም። ስማቸውንና የቤታቸውን ተራ ግን ይናገራል፤ በ11ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ስለ ኖሩ 400 ተራ ሴቶች ይህን ያህል የሚነግረን ሰነድ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

በዚያ ቀን ምሽት በእንግዳ ማረፊያዬ ጥራዙን ከፍቼ ደስ ብሎኝ ነበር። የተረሱት እዚህ አልተረሱም ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍሁ። ጽሑፌን ያበላሸብኝ ከጥቂት ገጾች በኋላ የመጣው የመሬቱ ዝርዝር ነው።

ራጃራጃ ለቤተ መቅደሱ የሰጣቸው መንደሮች ሲመዘገቡ፣ በመጀመሪያ የመንደሩ ጠቅላላ ስፋት ይጻፋል። ከዚያ ግብር የማይከፈልበት መሬት ይቀነሳል። የሚቀነሰውም እንዲህ ተዘርዝሯል፦ የመኖሪያው ስፍራ፣ ኩሬዎቹ፣ መንደሩን አቋርጠው የሚያልፉት ቦዮች፣ የእጅ ባለሙያዎቹ ሰፈር፣ ሬሳ የሚቃጠልበት ቦታ፣ የፓራያር ሰፈር። ልኩ እጅግ ጥቃቅን በሆነ ክፍልፋይ ተሰልቷል። የቀረው መሬት ስንት ካላም ሩዝ እንደሚያስገባ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ፓራያር ማለት እነማን ናቸው? ከሰፈሩ ውጭ እንዲኖሩ የተደረጉ፣ በእርሻው ላይ የሚደክሙ፣ ኋላም የማይነኩ ተብለው ከተገለሉት ወገኖች አንዱ ናቸው። በአውሮፓ ቋንቋዎች የተናቀ ሰውን የሚያመለክተው «ፓሪያ» የሚለው ቃል የመጣው ከእነርሱ ስም ነው። እንግዲህ ያን የ100 ካላም ሩዝ ከጭቃው ውስጥ የሚያወጡት ሰዎች በዚያው ግድግዳ ላይ አሉ። ነገር ግን እንደ ሰው አይደሉም፤ እንደ ቦይና እንደ ማቃጠያ ቦታ ከስፋቱ የሚቀነሱ መሬት ናቸው። እረኛው ስም አለው። ፀጉር አስተካካዩ ድርሻ አለው። የእነርሱ ሰፈር ያለው ልክ ብቻ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ሌሎቹንም ግድግዳዎች ያነበብሁት በጥርጣሬ ነው። የኡታራሜሩርን ላንሣ፤ ስለ ዴሞክራሲ ታሪክ በሚጻፉ ጽሑፎች ሁሉ ይጠቀሳልና። በ919 እና በ921 ገደማ፣ በቀዳማዊ ፓራንታካ ዘመን፣ የመንደሩ ጉባኤ አባላት አመራረጥ በግድግዳ ላይ ተቀርጿል። መንደሩ በ30 ቀበሌ ተከፍሎ፣ የዕጩዎች ስም በዘንባባ ቅጠል ተጽፎ እንስራ ውስጥ ይገባና አንድ ሕፃን ልጅ ያወጣል። ዕጩው ከ35 ዓመት በላይ፣ ከ70 ዓመት በታች መሆን አለበት። ሹመት ይዞ ሒሳቡን ያላስረከበ ሰው አይመረጥም፤ ዘመዶቹም አይመረጡም። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ እናንተም አልቀራችሁም። ነገር ግን የሚቀጥለውን መስመር ደግሞ አንብቡ። ዕጩው ግብር የሚከፈልበት የራሱ መሬት፣ በራሱ ቦታ ላይ የቆመ ቤትና የቬዳ እውቀት ሊኖረው ይገባል። ጉባኤው የብራህማኖች ጉባኤ ነበር። እንስራው ውስጥ ስሙ የማይገባው ሰው ከሚገባው ይበዛ ነበር።

በመጨረሻ ማዱራይ ደረስሁ። የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ከታንጃቩር ፍጹም የተለየ ነው። እዚያ ትልቁ ማማ ከመቅደሱ በላይ ሲሆን፣ እዚህ ግን 14ቱ ማማዎች አብዛኞቹ በበሮቹ ላይ ናቸው፤ ታላላቆቹም በውጭው ቅጥር ላይ ይቆማሉ። ውስጡ ገበያ ነው፣ ሠርግ ነው፣ የአበባ ሽታ ነው፣ የሰው ጎርፍ ነው። ከሰዉ ጋር እየተገፋሁ ገባሁ። ከውስጠኛው መቅደስ ስደርስ ሂንዱ ያልሆነ ሰው እንዳያልፍ የሚል ጽሑፍ ከፊቴ ቆመ። አልከፋኝም። ከእኛም ቤተ መቅደስ የማይገባበት ስፍራ አለና ደጅ መቆምን አውቅበታለሁ። ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ከእኔ አጠገብ እየተገፋ ያለፈው ጠቆር ያለ የገጠር ሰው፣ ሕፃኑን በትከሻው የተሸከመው፣ ከ1939 በፊት ቢሆን ኖሮ እኔ ከቆምሁበት እንኳ ላይደርስ ይችል ነበር።

በዚያ ዓመት ሐምሌ 8 ቀን ኤ. ቫይድያናታ አየር የተባሉ፣ ራሳቸው ብራህማን የሆኑ የነጻነት ታጋይ፣ ጥቂት ዳሊቶችንና አንድ የናዳር ወገን ሰው ይዘው ወደዚህ ቤተ መቅደስ ገቡ። ወግ አጥባቂዎቹ ካህናት አጥብቀው ተቃወሙ። የማድራስ መንግሥት በዚያው ዓመት ለገቡትና ላስገቡት የሕግ ከለላ ሰጠ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1936፣ የትራቫንኮር ማሀራጃ በግዛቱ ያሉትን የመንግሥት ቤተ መቅደሶች ለሂንዱ ሁሉ የከፈተ አዋጅ አውጥቶ ነበር። ነጻይቱ ሕንድም በሕገ መንግሥቷ 17ኛ አንቀጽ አለመነካት የሚባለውን ሥርዓት ሽራለች። እነዚህን ዓመታት ከ1010 አጠገብ አስቀምጧቸው። ከድንጋዩ ዝርዝር እስከ ማዱራይ በር ድረስ ከ900 ዓመት በላይ ነው።

ወደ ጥራዙ ልመለስና፣ ይህ ነገር ለእኛ ለምን እንደሚያገባን በአጭሩ ልናገር። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት በግድግዳቸው ላይ የመሬት መዝገብ አይጽፉም፤ በወንጌሉ ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ ይጽፋሉ እንጂ። በሽመዛና በሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ወርቀ ወንጌል ውስጥ የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታ ተመዝግቧል። ዶናልድ ክራሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት ታሪክ የጻፈው በአብዛኛው ከእንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች ተነሥቶ ነው። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም ከብዙ ሺህ መጻሕፍት ጋር እነዚህን ጠርዞች አትርፎልናል።

ባለፈው ክረምት ከጥቂት ተማሪዎቼ ጋር አንድ የገጠር ደብር ሄደን ነበር። መሪጌታው ወንጌሉን በክብር አውጥተው ገለጡልን። ተማሪዎቼ የወንጌላውያኑን ሥዕል በስልካቸው አነሡ፤ ሐረጉን አነሡ፤ የመስቀሉን ገጽ አነሡ። በመጨረሻው ቅጠል ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የሪም ዝርዝር ማንም አላነሣውም። ልቆጣ አልቻልሁም። እኔም ታንጃቩር ላይ ያነሣኋቸው ፎቶግራፎች እስካሁን ቤቴ አሉ፤ 36ቱም የማማው ናቸው።

የዚያ ጥራዝ ጠርዝ ደግሞ ተከርክሟል። መጽሐፉ እንደገና ሲደጎስ፣ ደጓሹ ገጾቹ እኩል እንዲሆኑ ብሎ የማስታወሻውን ጫፍ ቆርጦታል። በታሚል ናዱም በእድሳት ስም በግፊት በሚረጭ አሸዋ የታጠቡ ግድግዳዎች ጽሑፋቸው ደብዝዟል፤ ሠራተኞቹ ድንጋዩ አምሮ እንዲታይ ነበር የፈለጉት። በክፋት የጠፋ ሰነድ ያን ያህል አላጋጠመኝም። ብዙው የጠፋው ሲያሳምሩት ነው።

የቀረውን ቅጠል ያገላበጥነው በማጉያ መነጽር ነው። የሪም ባለመሬቶቹ በስም አሉ፤ ደብተራው፣ ቄሰ ገበዙ፣ ባላባቱ። ምስክሮቹ አሉ። ወሰኑ በወንዝና በዛፍ ተለይቷል፤ በአንድ በኩል ደግሞ «እስከ ሸክላ ሠሪዎች ቦታ» ይላል። ከተማሪዎቼ አንዷ ጣቷን እዚያ ላይ አኑራ «መምህር፣ እነዚህስ ስም የላቸውም?» አለችኝ። የታንጃቩሩን የፓራያር ሰፈር ገና አልነገርኋትም ነበር። አሁን የማስተርስ ጥናቷን በዚያ ደብር አካባቢ በሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች የቃል ታሪክ ላይ እየሠራች ነው። ዛሬም ከመካከላችሁ ስላለች ስሟን ጠርቼ አላሳፍራትም።

ዘግይቶብኝ ሳይቀር፣ ሕንድን ለቅቄ ከመምጣቴ በፊት ቫይኮም ሄጃለሁ። መምህሬ በሕይወት አልነበሩም። ከመጋቢት 1924 ጀምሮ ከ600 ለሚበልጡ ቀናት የተለያየ ወገን ያላቸው ሰዎች በየዕለቱ ወደ ተከለከለው መንገድ እየቀረቡ የታሰሩባት ከተማ ናት። የጠየቁት ቤተ መቅደስ መግባትን አልነበረም፤ በዙሪያው ባለው መንገድ መሄድን ነበር። ክርስቲያንና ሙስሊም በዚያ መንገድ ያልፍ ነበርና፣ በልጅነታችን ያልገባን የመምህሬ ንግግር ቃል በቃል እውነት ነበር። ጋንዲ በመጋቢት 1925 መጥተው ከብራህማኖቹ ጋር ተነጋገሩ። በስምምነቱ የሦስቱ አቅጣጫ መንገዶች ተከፈቱ፤ የምሥራቁ ግን ያኔ አልተከፈተም።

በማለዳ ደርሼ አራቱንም መንገድ ዞርሁ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው። በምሥራቁ በር አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ከኢትዮጵያ አልኋት። አጎቷ በወጣትነቱ ደሴ የሚባል ቦታ ሒሳብ ያስተምር እንደነበር ነገረችኝ፤ እዚያ በጣም ብርድ ነው ወይ ብላም ጠየቀችኝ። ነው አልኋት።

እዚህ ላይ ላቁም። ከኋላ የተነሣውን እጅ አይቻለሁ፤ ከዚያ እንጀምር።